«ሲስተር፣ ልጄ ወደቀች»

ሰሞኑን አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቁማኝ «ልጄ ተመርቆ ሌላ ፈተና አለ የሚሉት ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የ2013 ጉዳይ ትዝ አለኝ።

ማታ ነው። ሁለተኛውን ቡና ልቀዳ ስል ጎረቤቴ መጣ። እዚህ አንገቱ ጡረታ ብወጣም ሰው የሚጠራኝ «ሲስተር» እያለ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ «ሲስተር፣ ልጄ ወደቀች» አለኝ። ከፈረስ መስሎኝ ነጠላዬን አንስቼ ልሮጥ ነበር። ለካ ፈተና ነው።

ልጅቷ በነርስነት በዲግሪ ተመርቃለች። ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል፤ የምርቃቷንም በግ አብረን በልተናል። አባት ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎታል። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ጀምሮ ለተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና እንደሚሰጥ የሰማው ልጁ ከወደቀች በኋላ ነው። «አራት ዓመት ያስተማርኩት ገደል ገባ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መልሱን በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው እንዳገኘና ያስቀመጠውን ቡና ሸጦ ሊከፍል እንደሆነ ነገረኝ።

ቡናውን አትሽጥ አልኩት። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። ቢሳካስ? በተገዛ መልስ ያለፈች ነርስ የሚስትህን ደም ስር እንድትወጋ ትፈቅዳለህ? ዝም አለ። ደግሞም የወደቀ እንደገና መፈተን ይችላል፤ ይህን ማንም አልነገረውም ነበር።

እኔም ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ። ልጅቷ ከፈተናው በፊት መጥታ «እማማ፣ አስጠኚኝ» ብላኝ ነበር። እኔ በዲፕሎማ ስመረቅ እንዲህ ያለ ፈተና አልነበረም፤ ምደባ ተሰጥቶን ሥራ ገባን። ስለዚህ «ነርስነት በእጅ ነው፣ ወረቀቱ አያስፈራሽ» ብዬ አቃለልኩባት። ይባስ ብዬ ልቡ የቆመን ሰው ስለመርዳት ሳስረዳት መጀመሪያ የአየር መንገዱን ክፈቺ፣ ትንፋሽ ስጪ፣ ከዚያ ደረቱን 15 ጊዜ ተጭነሽ ሁለት ትንፋሽ አልኳት። የተማርኩት እንዲያ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ወደ 30 ከተቀየረ ቆይቷል፤ ከ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ደግሞ ለአዋቂ ሰው የሚጀመረው ደረት በመጫን ነው። አክብራኝ አላረመችኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ጠርቼ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ በዚህ ጊዜ አስተማሪዋ እሷ ነበረች። ሰው ፈተናው የእንግሊዝኛ ሽምደዳ ይመስለዋል። በእርግጥ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከባዱ ግን ምርጫው ነው። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት፣ ስፌት የሚወጣለት ጎልማሳ፣ ክትባት የሚጠብቅ ሕፃን፣ ወገቡን ያመመው ሽማግሌ አሉ፤ መጀመሪያ ወደ ማን ትሄጃለሽ? እንዲህ ያለው ይቀላል። አራቱም መልስ ትክክል የሚመስልበት፣ «የቱ ይቅደም» የሚለው ነው ልጆቹን የሚጥላቸው። ተረኛ ሆኖ ብቻውን ያደረ ሰው ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።

ለዚያች እናት የመለስኩላት ይህን ነው። በኮሌጅ በደረጃ የተማሩ ልጆች የሚወስዱት ሲኦሲ አለ። ከ2015 ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች የመጣው የመውጫ ፈተና የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። የሙያ ፈቃድ ግን ሕመምተኛ ለማከም የሚሰጥ ነው፣ እሱም የጤናው ዘርፍ ጉዳይ ነው። ልጅሽ የትኛውን እንደሚፈተን ራሱን ጠይቂው፤ ስትጠይቂው ግን ፊትሽን አታክብጂበት፤ ወድቆ የሚደብቅ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ በሁለተኛው አለፈች። አሁን ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ባለፈው ግፊቴን ልትለካ መጥታ ወሬ ስጀምር «እማማ፣ ሲለካ አይወራም፣ እግርሽንም አታጣምሪ» ብላ ተቆጣችኝ።