ለአሮጌ ላፕቶፕ ትንሹን ሊኑክስ ሳይሆን የሚዘልቀውን እንምረጥ



ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ እንዲሁም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በየዶርማችን ያሉትን ላፕቶፖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከታላቅ ወንድም የተወረሱ፣ ከጂሲ ተማሪ በርካሽ የተገዙ፣ ባትሪያቸው ሞቶ ቻርጀር ላይ ተሰክተው የሚውሉ ናቸው። ብዙዎቹ ይህን መስፈርት አያሟሉም። አዲስ መግዛት ደግሞ ለአብዛኞቻችን ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ምክንያት በመካከላችን ስለ ሊኑክስ ማውራት እየተለመደ መጥቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ጅምር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አመራረጣችን ነው። አንድ ፍሬሽ ተማሪ መጥቶ «2 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ አለኝ፤ የትኛውን ልጫን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ኮምፒውተር የሚያውቀው ሲኒየር ከሁሉም ትንሹን ዲስትሮ ይጭንለታል። ላፕቶፑ በሰኮንዶች ይነሳል፤ ሁሉም ይደሰታል። ሲኒየሩ በሰኔ ይመረቃል። በጥቅምት ዋይፋዩ እምቢ ሲል ወይም ብራውዘሩ አርጅቶ ድረ ገጾች አልከፍት ሲሉ፣ በዶርሙ ውስጥ ያንን ዲስትሮ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጁም ሊኑክስን እየረገመ ወደ ክራክ ዊንዶውስ ይመለሳል።

ስለዚህ ለአሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው በጣም ትንሽ ነው?» መሆን የለበትም እላለሁ። «ማሻሻያው እስከ መቼ ይመጣል? የጫነልኝ ሰው ሲሄድስ ማን ያግዘኛል?» የሚለው ይቀድማል።

ራሙን የሚጨርሰው ማን ነው?

ታይኒ ኮር የሚባለው ሊኑክስ መደበኛ ፋይሉ ከ30 ሜጋባይት በታች ነው። ይህን ሲሰሙ የማይገረሙ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን እኛ በላፕቶፓችን የምንሠራው ምንድን ነው? ብራውዘር እንከፍታለን፣ ቴሌግራም እናያለን፣ ሞጁል በፒዲኤፍ እናነባለን፣ አሳይመንት እንጽፋለን፣ ሙሐደራ እናዳምጣለን። ከእነዚህ መካከል ራሙን የሚጨርሰው ብራውዘሩ ነው። ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ጥቂት ገጾች ሲከፈቱበት በማንኛውም ዲስትሮ ላይ ቢሆን ብዙ መቶ ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። የዲስትሮው ማነስ ይህን አይቀንሰውም።

ዲስትሮ ከዲስትሮ የሚለየው በዋናነት በዴስክቶፑ ነው፤ ማለትም ሜኑውን፣ መስኮቶቹንና ከታች ያለውን ባር የሚያሳየን ክፍል። በመደበኛው ኡቡንቱ ላይ ያለው ግኖም ገና ምንም ሳንከፍት ወደ 1 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል። ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ የሚባሉት ቀለል ያሉ ዴስክቶፖች ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይወስዳሉ። 2 ጊጋ ራም ላለው ሰው ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ሊያመልጠውም አይገባም። ከእነዚህ ወርደን የመጨረሻውን ትንሽ ስንፈልግ ግን የምናተርፈው በአንድ ወይም በሁለት የብራውዘር ገጽ የሚያልቅ ነው። የምንከፍለው ዋጋ ደግሞ ብዙ ነው።

የትንሽነት ዋጋ

ታይኒ ኮር በራም ውስጥ የሚሠራ ሲስተም ነው። በአግባቡ ካላዋቀሩት በቀር ያስተካከሉት ነገር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፕሮግራም የሚጫንበት መንገድም የራሱ ብቻ ነው። ፓፒ ሊኑክስም እንዲሁ ራም ላይ ተጭኖ የሚሠራ ሲሆን፣ ሥራችንን በተለየ የማስቀመጫ ፋይል ውስጥ ይይዛል። ሁለቱም ለሚያውቃቸው ሰው ድንቅ ናቸው። ፓፒን በፍላሽ ይዞ መገኘት ዊንዶውሱ አልነሳ ካለ ላፕቶፕ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማውጣት በጣም ይጠቅማል። ለፍሬሽ ተማሪ የዕለት መሥሪያ አድርጎ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌላው አደጋ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ዲስትሮ መምረጥ ነው። ክራንችባንግ የሚባል፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ዘንድ በጣም የተወደደ ዲስትሮ ነበር። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ወዳጆቹ በንሰንላብስ በሚል ስም ሊያስቀጥሉት የቻሉት መሠረቱ ዴቢያን ስለነበረ ነው። ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው፤ አንድ ሰው ቢወጣ አይቆምም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ላዩ ምንም ይሁን ምን ሥሩ ሰፊ የሆነውን እንያዝ።

የእኔ ምርጫ

ከታች የምጠቅሳቸው ሦስቱም የዴቢያን ቤተሰብ ናቸው። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን ማገዝ ይችላል፤ ፕሮግራም የሚጫነው በሁሉም ላይ አፕት በሚባለው ትእዛዝ ነው።

4 ጊጋ ራም ላለው፦ ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚለው ዓይነት። ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው መልኩ እንግዳ አይሆንበትም። 22 ተከታታዩ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ሲሆን ማሻሻያው እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይቀጥላል። ዛሬ ፍሬሽ የሆነ ተማሪ በዚያው ሲስተም አብዛኛውን የግቢ ቆይታውን ይጨርሳል ማለት ነው።

2 ጊጋ ራም ላለው፦ ኤምኤክስ ሊኑክስ። ሚንትም በ2 ጊጋ ይነሳል፤ የሚመች ግን አይሆንም። ኤምኤክስን ከሌሎች የማስበልጥበት ምክንያት ስናፕሾት የሚባለው መሣሪያው ነው። አንድ ላፕቶፕ በሚገባ ካዘጋጀን በኋላ ሙሉ ሲስተሙን እንዳለ ወደ አንድ የመጫኛ ፋይል ይለውጥልናል። የአማርኛና የዐረብኛ ኪቦርዱ፣ ፎንቱ፣ ሊብሬኦፊሱ፣ ቪኤልሲው ሁሉ ውስጡ ሆኖ ማለት ነው። ያንን በፍላሽ አዙረን ለሃያ ሰው ብንጭን ሃያ ጊዜ ዳታ አናቃጥልም። ፓኬጅ እየቆጠርን ለምንጠቀም ተማሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

1 ጊጋ ራም ላለው፣ ወይም ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ ለሆነ፦ አንቲኤክስ። እዚህ ላይ የዴስክቶፑ ትንሽነት በእርግጥ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም የሚተርፈው እያንዳንዱ መቶ ሜጋባይት ብራውዘር በመክፈትና ባለመክፈት መካከል ያለ ልዩነት ነው። የ32 ቢት መንገድ ግን እየጠበበ መሆኑን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ የለውም። እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ለጽሑፍ፣ ለፒዲኤፍና ለድምፅ እናውለው፤ ከእሱ ዩቲዩብ መጠበቅ እሱንም እኛንም ማድከም ነው።

ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ ከዲስትሮው በፊት ወደ ዕቃው እንይ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በትንሽ ኤስኤስዲ መቀየርና አንድ ራም መጨመር፣ ዲስትሮ በመቀያየር ከሚገኘው ፍጥነት እጅግ የበለጠ ያመጣል። ያለገንዘብ የሚሆነው ደግሞ ዚራም ነው፤ ራም ውስጥ ያለውን ዳታ ጨምቆ ቦታ ይቆጥባል፣ በሁሉም ላይ መጫን ይቻላል።

«ግን እኮ…»

የሚነሱትን ቅሬታዎች አውቃቸዋለሁ፤ ውሸትም አይደሉም። አውቶካድና ኢታብስ ለሊኑክስ አልተሠሩም። የሲቪልና የአርክቴክቸር ተማሪዎች ዊንዶውስን ጨርሰው ያጥፉ አልልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ግን 2 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ኢታብስ በዊንዶውስም ቢሆን መከራ ነው። እሱን ለላብ ትተን ላፕቶፑን ለንባብና ለጽሑፍ ማዋል ይሻላል።

ሁለተኛው የወርድ ፋይል ጉዳይ ነው። ሊብሬኦፊስ ዶክስ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ሠንጠረዥና ገጽ አቀማመጥ ግን አንዳንዴ ይዛባል። በተለይ ዊንዶውስ ላይ ያለው የኒያላ ፎንት ከሌለ የአማርኛ ጽሑፍ መስመሩ ይዘዋወራል። መፍትሔው ለአማካሪ መምህር የሚላከውን ሁሉ በፒዲኤፍ መላክ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ነገር ሆነው ይወጣሉ፤ ይህ በአዲስ ዊንዶውስም የሚያጋጥም ችግር ነው። ዩኒኮድ አማርኛ ግን በሊኑክስ ምንም ችግር የለበትም። አቢሲኒካ ፎንትን መጫን፣ ለመጻፍ ደግሞ አይባስ የሚባለውን ፕሮግራም ከአማርኛ ኪቦርዱ ጋር ማዋቀር ይበቃል። ዐረብኛም በዚያው ይጨመራል።

ሦስተኛው «ክራክ ዊንዶውስ ካለ ለምን እንቸገራለን?» የሚለው ነው። ስለ ባለቤትነት ሐቅ ያለውን ዝርዝር ብይን ለዑለማዎቻችን ልተወው። ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ግን ሁላችንም ውስጣችን ያውቀዋል። ከዚያም ባሻገር፣ ከማይታወቅ ቦታ አውርደን «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚለንን ፋይል መክፈት የቤታችንን በር ለሌባ ከፍቶ መተኛት ነው። ሊኑክስን ግን ለጓደኛ ኮፒ አድርጎ መስጠት ከመጀመሪያውም የተፈቀደ ነው። ማንም የማይወቅሰን አማራጭ በእጃችን እያለ ወደ አጠራጣሪው ለምን እንሮጣለን?

ከመጫናችን በፊት

የሁሉም የመጀመሪያ እርምጃ ፋይሎቻችንን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሲስተም ሲጫን «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለው አማራጭ ማንንም አይምርም። ሁለተኛ፣ ሦስቱም ዲስትሮዎች ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ መሞከር ይችላሉ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃንና ኪቦርዱን በዚያ እንፈትሽ። በተለይ ብሮድኮም ዋይፋይ ያላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ተጨማሪ ድራይቨር ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከተጫነ በኋላ ከመደናገጥ ያድናል። ሦስተኛ፣ የፍጥነቱን ነገር በሚነሳበት ሰኮንድ አንለካው። የዘወትር ሥራችንን ከፍተን ግማሽ ሰዓት እንሥራበት፤ እውነተኛው መለኪያ ያ ነው።

ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ

እያንዳንዳችን የወደድነውን ለየብቻችን ከምንጭን፣ በዓመቱ መጀመሪያ ተመካክረን እንደ ራሙ መጠን እነዚህን ሦስቱን ወይም ከእነሱ የተሻሉ ሦስት እንምረጥ። በኤምኤክስ የተዘጋጀ አንድ የጋራ መጫኛ ይኑረን። የሚጭን ሰው በላፕቶፑ ጀርባ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ፦ የዲስትሮው ስም፣ ስሪቱ፣ ማሻሻያው የሚያበቃበት ዓመት። ከሁሉም በላይ፣ የሚጭን ጂሲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ አንድ የታችኛው ባች ተማሪ አብሮት ተቀምጦ እንዲጭን ያድርግ። በእህቶች ዶርምም እንዲሁ የራሳቸው አስጫኝ ይኑራቸው፤ ላፕቶፑን ወደ ሌላ ዶርም ለመላክ ማንም እንዳይቸገር።

ሠርቶ የሚያገለግልን ዕቃ «አሮጌ ነው» ብሎ መጣል ኢስራፍ ነው። የማይጠገን አድርጎ ለወንድም መስጠትም ቢሆን እርዳታ አይባልም። ለአንድ ተማሪ ሊኑክስ ስንጭንለት፣ እኛ በሌለንበት በሚመጣው ዓመትም እንዲሠራለት አስበን እንጫንለት። ተቃራኒ ሐሳብ ያለው፣ ወይም የተሻለ ዲስትሮ የሚያውቅ እህት ወይም ወንድም በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስታውን አንችለውም።