ለጎልማሳ ተማሪ ሰዓቱ ይመቻች፤ ፈተናው ግን አይቅለል

«ትምህርት የልጅ ነው፤ ጎልማሳ ሥራውን ይሥራ» የሚል አስተያየት በብዙ ቦታ ይሰማል። በልጅነቱ የመማርን ዕድል ሳይወድ በግዱ የተነጠቀ ሰውስ ምን ይሁን?

የሶማሌላንድን ርእሰ ከተማ ሐርጌሳን እንመልከት። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በተነሣው ጦርነት ከአየርና ከምድር ተደብድባ ፈረሰች። እጅግ ብዙ ነዋሪዎቿም ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው በጅጅጋ አካባቢ በሐርትሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ። በዚያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐርጌሳ እንደገና ታንጻለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000ም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል። ይሁን እንጂ ቤቱን መልሶ የሠራው ስደተኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ከሌለው ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ችግር በሌሎች አገሮችም መፍትሔ ተፈልጎለታል። በአሜሪካ በጦርነት ምክንያት ትምህርታቸውን ላቋረጡ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1942 ልዩ ፈተና ተዘጋጀ፤ ቆይቶም ለማንኛውም ጎልማሳ ተፈቀደ። በኬንያ አዛውንቱ ኪማኒ ማሩጌ እ.ኤ.አ. በ2004 በ84 ዓመታቸው አንደኛ ክፍል ገብተዋል። በአገራችንም የማታ ትምህርት ቤቶች ቀን ሲሠሩ የሚውሉ ብዙ ሰዎችን እስከ 12ኛ ክፍል አድርሰዋል።

አንዳንድ ሰዎች በርኅራኄ ተነሣሥተው «ለጎልማሳው ፈተናው ይቅለልለት» ይላሉ። ይህ ሐሳብ ደግ ቢመስልም ጉዳቱ ያመዝናል። በቀላሉ የተገኘ ወረቀት በአሠሪ ዘንድ አይታመንም፤ ሌሊት ተቀምጦ ያጠናውንም ሰው ልፋት ያረክሳል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለታቸው ለዚህ ነው። ጎልማሳው የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ከሥራ በኋላ የሚሰጥ ትምህርት፣ እናቶች ሕፃናታቸውን የሚያቆዩበት ሥፍራ፣ እንደ ልጅ የማይቆጣው መምህር። እነዚህ ከተሟሉለት እንደ ማንኛውም ተማሪ ለመፈተን አያፍርም።

እናንተም ተማሪዎች፣ አባታችሁ ወይም አክስታችሁ ማታ ደብተር ይዘው ብታዩ አትሳቁ። ያልገባቸውን ሒሳብ አስረዷቸው እንጂ መልሱን አትጻፉላቸው። የሚኮሩበት ማስረጃ በራሳቸው ድካም ያገኙት ነውና።