በሰውነት ውስጥ ገብቶ ስለሚያበራ ደቂቅ ነገር

በዚህ ዓምዳችን ዛሬ የምንገልጸው፥ ሐኪሞች ከሥጋ በታች የተሰወረውን ለማየት ስለሚደክሙበት አንድ ጥበብ ነው። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የእናቶቻችንንና የእኅቶቻችንን ጤና የሚነካ ስለ ሆነ ከቤተ ሰብ ገጽ ውጭ የሚቀር አይደለም። ዘመኖቹን ሁሉ የምናመለክተው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በጨለማ ቤት የባትሪ መብራትን በመዳፉ የሸፈነ ሰው በጣቶቹ መካከል ቀይ ብርሃን ሲያልፍ ያያል። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ደም ይውጠዋል፤ ቀዩ ግን ያልፋል። ከቀዩ ወዲያ ደግሞ ዐይናችን የማያየው ብርሃን አለ። ይህን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ኸርሽል ነው። እርሱም በ1800 ዓ. ም. የፀሐይን ብርሃን በብርጭቆ ከፋፍሎ እንደ ቀስተ ደመና ካደረገው በኋላ በየቀለሙ ላይ የሙቀት መለኪያ ቢያኖር፥ ከቀዩ ወዲያ ምንም በማይታይበት ስፍራ ሙቀቱ ከሌላው ሁሉ በልጦ አገኘው። ይህ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። ለቀዩ ቅርብ የሆነውን ክፍሉን ደምም ውሃም እምብዛም ስለማይውጡት፥ ዐይን ከሚያየው ብርሃን ይልቅ ወደ ሥጋ ጠልቆ ይገባል።

ሆኖም ብርሃኑ ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈለገውን ስፍራ ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ከተመረጡት የታወቀው ኢንዶስያኒን ግሪን የተባለው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ በአሜሪካ አገር በሰው ላይ እንዲሠራበት የተፈቀደው በ1959 ዓ. ም. ነው። ቀለሙ 800 ናኖሜትር ያህል የሆነውን ብርሃን ተቀብሎ 830 ናኖሜትር ያህል አድርጎ ይመልሰዋል፤ ይህንንም ልዩ ካሜራ ያየዋል። አንድ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ሚሊዮን ጊዜ ተከፍሎ ከዚያ አንዱ እጅ ነው። ቀለሙ በደም ሥር ሲሰጥ ጉበት ፈጥኖ ስለሚያወጣው፥ በደም ውስጥ ያለው በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ውስጥ እኩሌታው ያልቃል።

ጥቅሙን በአንድ ምሳሌ እንግለጽ። የጡት ነቀርሳ ከጡት ተነሥቶ መስፋፋት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው በብብት ሥር ወዳሉት ትናንሽ ዕጢዎች ነው። በቀድሞው ዘመን ሐኪሞች ዕጢዎቹን በብዛት ቈርጠው ያወጡ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ከነቀርሳው የዳነችው ሴት ክንዷ እያበጠ ውሃ ለመቅዳት ወይም ልጅ ለማዘል ትቸገር ነበር። አሁን ግን ከጡት የሚወርደው ፈሳሽ በመጀመሪያ የሚደርስበትን ዕጢ ለይተው ይመረምራሉ። ይህን ዕጢ ዘበኛ ብንለው ይስማማዋል፤ ጠላት ቢመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነውና። ዘበኛው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የቀሩት ሳይነኩ ይቀራሉ። እንግዲህ ዘበኛውን ለይቶ ማግኘት ለአንዲት ሴት ሙሉ ክንድ የማትረፍ ጕዳይ ነው።

ችግሩ ግን እንደዚህ ያለው ቀለም እጅግ ደቂቅ በመሆኑ በዘበኛው ዕጢ ሳይቆም ወደሚቀጥለው ሊያልፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ጥቂት ከፍ ያለ፥ ነገር ግን ዐይን ፈጽሞ የማያየውን ቅንጣት ለመሥራት ተነሡ። በ2004 ዓ. ም. በአሜሪካ አገር ዶክተር ጆን ፍራንጆኒ፥ ሙንጊ ባወንዲና ባልንጀሮቻቸው ኳንተም ዶት የተባሉትን ቅንጣቶች በአይጥና በዐሣማ ላይ ፈተኑ። ቅንጣቶቹ በመጠናቸው ምክንያት በዘበኛው ዕጢ ቆመው አበሩ፤ በዐሣማውም አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከቆዳ በታች ያለውን ዕጢ አሳዩ። ባወንዲ በኳንተም ዶት ሥራው በ2023 ዓ. ም. ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቅንጣቶቹ ለሰው መድኃኒት ሆነው አልወጡም። በውስጣቸው ካድሚየም የተባለ መርዛም ብረት ነበረ፤ ከዚያም በላይ በዘበኛው ዕጢ እንዲቆሙ ያደረጋቸው መጠን ራሱ ከሰውነት እንዳይወጡ የሚያግድ ሆነ። እንግዳ ሲገባ በክብር ይቀበሉታል፤ መሄጃውን ያላወቀ እንግዳ ግን ለቤቱ ጭንቅ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2007 ዓ. ም. እንደ ገለጹት፥ በዙሪያው የሚሸከመው ሁሉ ተቈጥሮ ቅንጣቱ ከ5.5 ናኖሜትር ካነሰ ኩላሊት አጥርቶ በሽንት ያወጣዋል፤ ከዚያ ከበለጠ ግን በጉበትና በሌላውም ስፍራ ተከማችቶ ይቈያል።

ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጣው ድካም፥ የሚያበራውንም የሚወጣውንም አንድ አድርጎ ለማግኘት ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ካድሚየም የሌለበት፥ ከአሸዋ ዘር ከሆነው ከሲሊካ የተሠራ ደቂቅ ቅንጣት ተዘጋጅቶ፥ በኒውዮርክ ከተማ በቆዳ ነቀርሳ ለታመሙ 5 ሰዎች ተሰጠ፤ ውጤቱም በ2014 ዓ. ም. ታተመ። ሰዎቹ ያለ ጕዳት ተቀበሉት፤ ቅንጣቱም በኩላሊት በኩል ወጣ። አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መንገዱ መኖሩን ያሳያል።

አንባቢዎቻችን ስለ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር በሰሙ ጊዜ ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን። አንደኛ፥ የተፈተነው በሰው ነው ወይስ በእንስሳ? በ2009 ዓ. ም. በስታንፎርድ ከካርቦን የተሠሩ ደቂቅ ቱቦዎች የአይጥን የደም ሥሮች አጥርተው አሳዩ ሲባል ብዙ ሰው ተደንቋል፤ ነገር ግን አይጥ ቆዳዋ ስስ፥ ሥጋዋም ጥቂት ነው። ሁለተኛ፥ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በምን መንገድ ይወጣል? ሦስተኛ፥ ለኔ ሰውነት ይስማማል ወይ? ለምሳሌ ኢንዶስያኒን ግሪን አዮዲን ያለበት ስለ ሆነ፥ አዮዲን የማይስማማው ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን እናሳስባለን። የጡት ነቀርሳ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት ነቀርሳዎች ሁሉ በብዛት የመጀመሪያው ነው። ኢንፍራሬድ ብርሃን በሥጋ ውስጥ ጠልቆ ቢገባም ከአንድ ሴንቲሜትር ያህል ካለፈ ሥዕሉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከቤቷ ያልወጣችውን ሴት ሊያይ የሚችል መሣሪያ ግን ፈጽሞ የለም። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት እስኪያማት አትጠብቅ፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሕመም የለውምና። እፍረትም አያስቀራት። ባልም ልጆችም «ይለፍላት» እያሉ ቀን ከማስቈጠር ይልቅ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት እንዲሄዱ እንለምናለን።