ጎጆ ለሚወጣ ወጣት

ሰው ያለ ምግብ፥ ያለ ልብስና ያለ መጠለያ ሊኖር እንደማይችል የታወቀ ነው። ከሦስቱ ግን ምግብ በየቀኑ፥ ልብስም በየጊዜው የሚገኝ ሲሆን፥ ቤት ለብዙው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። ስለዚህም በቋንቋችን አንድ ወጣት ትዳር ይዞ ራሱን ሲችል «ጎጆ ወጣ» ይባላል። የሰውየው መቆም የሚለካው በቤቱ መቆም ነውና።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር አንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ የሚደረግለትን እርዳታ እንመልከት። አባት ከይዞታው ላይ ቦታ ይቆርስለታል። ባሕር ዛፉ ከጓሮ ይቆረጣል። ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ጉድጓዱን ይቆፍራል፥ ማገሩን ይመታል፥ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ይመርጋል፤ እናት ለሠራተኛው ጠላ ትጠምቃለች። የቆርቆሮው መግዣም ከከብት ሽያጭ ወይም ከዕቁብ ይወጣል። ቦታው፥ ዕቃው፥ ጉልበቱና ገንዘቡ በአንድ በጋ ይገናኛሉ። ዋስ የሚጠይቅም የለም፤ ዋሱ ዘመዱና ጎረቤቱ ነው።

ያው ልጅ ተምሮ፥ ተመርቆ፥ በከተማ ሥራ ሲይዝ ግን እነዚህ ነገሮች ሁሉ ይበታተኑበታል። ቦታው ከማዘጋጃ ቤት፥ ገንዘቡ ከባንክ፥ ሙያው ከግንበኛ ነው። ወጣቱም ፋይሉን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ዓመቱ ያልፋል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቀውም። በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ለአካባቢው ትልቅ ተስፋ ናቸው። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ሠራተኛን፥ ሠራተኛም ቤትን ይፈልጋል። ቤት ካልተጨመረ የሚጨመረው ኪራይ ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ወጣቱ ከዚህ ላይ ግብሩንና ጡረታውን፥ ኪራዩንና ቀለቡን ችሎ ከአምስት እጅ አንዱን ቢቆጥብ፥ በወር 2,300 ብር፥ በዓመት 27,600 ብር፥ በአምስት ዓመትም 138,000 ብር ይሆንለታል። በዛሬው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ይህ ገንዘብ ቤት እንደማይጨርስ ለማንም ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ ገንዘቡ ራሱ ተቀምጦ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፥ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። እንግዲህ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይዞ ገበያ ቢወጣ፥ ያሰበው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

«ታዲያ ለምን አይበደርም?» የሚል አይጠፋም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ባንክ ለማበደር መያዣ ይጠይቃል፤ ወጣቱ ደግሞ የሚበደረው መያዣ የሚሆን ቤት ስለሌለው ነው። ቦታ ቢያገኝም እንኳ፥ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደደነገገው፥ የሊዝ መብት በዋስትና የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ ነው። ገና ቅድሚያ ክፍያውን ብቻ የከፈለ ወጣት መያዣው ምን ያህል ነው?

የቤት ብድር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የቤትና የቁጠባ ባንክ ለማኅበራትና ለግለሰቦች ለቤት መሥሪያ ያበድር ነበር። በኋላም የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፥ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጎህ ቤቶች ባንክ ለቤት ብድር የቆመ የግል ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም በ20/80 ዘዴ ቆጣቢው 20 እጁን ሲያስቀምጥ ቀሪው 80 እጅ ከባንክ በብድር ይታከልለታል። ይህ ዘዴ ብዙ ሰዎችን ባለቤት አድርጓል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ከ10 ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙዎች ናቸው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣውም ዕጣ ያልተገባቸው ሰዎች ገብተውበታል ተብሎ ተሰርዟል። ከዚህ የምንማረው፥ የቁጠባ መሠረቱ እምነት መሆኑን ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውም ያስተምራል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 አዲስ ቤት ለሚገዙ የዋጋውን የተወሰነ እጅ መንግሥት ሲያበድር ቆይቷል፤ ነገር ግን የቤት መሥሪያ ቦታ በጠበበበት በለንደን አካባቢ እርዳታው ዋጋውን እንዳስወደደ ጥናት ያደረጉ ምሁራን ገልጸዋል። ሲንጋፖር በበኩሏ መንግሥት ራሱ ቤት እየሠራ፥ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ሠራተኛው ለጡረታ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለቤቱ ክፍያ እንዲያውለው ፈቀደች። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ገንዘብ ብቻውን ሲመጣ ዋጋ ይጨምራል፤ ከቦታና ከቤት ጋር ሲመጣ ግን ጎጆ ይሆናል።

ስለዚህ እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላሉት ከተሞች የምንጠይቀው ስጦታ አይደለም። በገጠሩ ደቦ የሚገናኙት ነገሮች በከተማም እንዲገናኙ ነው። መንገዱም የመኖሪያ ቤት ሥራ ማኅበር ነው። ወጣት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው በዝግ ሒሳብ ሲቆጥቡ፥ ቦታውን የሚያገኙበት ጊዜ አስቀድሞ ይነገራቸው። ባንኮችም የማኅበሩን አባላት የጋራ ዋስትና ተቀብለው፥ መሠረቱ ሲወጣ፥ ግድግዳው ሲቆም፥ ጣራው ሲመታ ብድሩን በየደረጃው ይልቀቁ። የተቆጠበው ገንዘብም ዋጋው ሳይወርድ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው በአንድነት የሚገዛበት ዘዴ ይፈለግ።

አንድ ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ለከተማ ቤት የሚመራው ቦታ ብዙውን ጊዜ ትናንት በቆሎና ዳጉሳ የበቀለበት የገበሬ ማሳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ያዘዘው ካሣ በተገቢው ጊዜ ካልተከፈለ፥ የአንዱን ልጅ ጎጆ ስናቆም የሌላውን እናፈርሳለን።

ለእኛ ለወጣቶችም የምንለው አለን። የመጀመሪያ ቤት ፎቅ መሆን የለበትም። የከተማው ፕላን በሚፈቅድበት ሁሉ በሁለት ክፍል ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ነውር አይደለም። በማኅበር የገባም መዋጮውን ሳያጓድል፥ በስብሰባው ላይ ተገኝቶ ሒሳቡን ይመርምር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነውና።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የደረሰው ግጭት ሥራን ሁሉ ማስተጓጎሉን አንዘነጋም። ሆኖም ቤት የጀመረ ሰው ከሁሉ ይልቅ ሰላምን ይወዳል። ነገ ልቀቅ እባላለሁ ብሎ የሚያድር መምህር፥ ነርስ ወይም ጸሐፊ ለሚሠራበት ከተማ እንግዳ ነው፤ በግቢው ዛፍ የተከለ ግን የአገሩ ባለቤት ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች፥ ባንኮችና ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ ጎጆ ለሚወጣው ወጣት አንድ በር እንዲከፍቱለት ያስፈልጋል እንላለን።