ሊድን የመቆጣጠር ህግና የመለካት አቅም

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኝ የሊድ መጠን በሊትር ከ10 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መመሪያ ማውጣቱ ይታወቃል። ይህን ያህል ጥቂት ሊድ በቀለም፣ በሽታም ሆነ በጣዕም አይለይም። ብረቱ የህጻናትን የአእምሮ እድገት የሚጎዳ ሲሆን፣ ጉዳት የማያስከትል መጠንም አልተገኘለትም። በመሆኑም በወረቀት የሰፈረ ገደብ ተግባራዊ የሚሆነው መለካት ሲቻል ብቻ ነው።

ለዚህ ከሚያገለግሉት ስልቶች አንዱ የኤሌክትሮኬሚካል ዘዴ ነው። የዘዴውን መሰረት የጣሉት የቼኮዝሎቫኪያው ሳይንቲስት ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ እ.ኤ.አ በ1922 ፖላሮግራፊን ፈልስፈው በ1959 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። በምርመራው መጀመሪያ በናሙናው ያለው ብረት በኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮድ ላይ እንዲከማች ይደረጋል። ቀጥሎ ቮልቴጁ ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ የተከማቸው ብረት ተመልሶ ይሟሟል። ብረቱ የሚሟሟበት ቮልቴጅ ዓይነቱን፣ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ደግሞ መጠኑን ያመለክታል።

መሳሪያው አነስተኛ በመሆኑ ወደ መስክ ለመውሰድ ያመቻል። ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሮዱ ይሰራበት የነበረውን መርዛማ ሜርኩሪ በቢስሙዝ መተካት እንደሚቻል እ.ኤ.አ በ2000 መታየቱም ለአጠቃቀሙ ተጨማሪ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል።

ይሁንና መሳሪያ መኖሩ ብቻ ለትክክለኛ ውጤት ዋስትና አይሆንም። ለአብነት ያህል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በሜይ 2017 በዚሁ ዘዴ የሚሰሩ የደም ሊድ መመርመሪያዎች ከደም ስር በተቀዳ ደም ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ውጤት ሊያሳዩ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ከጣት ወይም ከተረከዝ የሚወሰደውን ናሙና አላካተተም። ዝቅ ያለ ውጤት የተነገረለት ህጻን ከብክለቱ ምንጭ ሳይርቅ ሊቆይ ስለሚችል ስህተቱ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ምርት ውስጥ ያለውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ደረቅ ቀለም በኤሌክትሮኬሚካል ዘዴ የሚለካው ግን በቅድሚያ በአሲድ ከሟሟ በኋላ ነው። ስለሆነም የሚመለከታቸው አካላት በግዥ ወቅት ከመሳሪያው ዋጋ ባሻገር የናሙና ዝግጅትን፣ የማነጻጸሪያ ውህዶችን አቅርቦትና የባለሙያ ስልጠናን አብረው ማቀድ ይኖርባቸዋል። አስተዳደራዊ እርምጃ የሚያስከትል የመስክ ውጤትም እርምጃው ከመወሰዱ በፊት በታወቀ ላቦራቶሪ ሊረጋገጥ ይገባል።