ቀበሮን ቆጥሮ ብቻ ማዳን አይቻልም

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም ሳይርቅ የቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። የአካባቢው ሰው በለመደው ስሙ «ደንቆሮ ጫካ» ይለዋል። ከበታች ጥድና ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶና አስታ፣ ከዚያም በላይ ጅባራና ጓሳ የለበሰ ደጋ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚህ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስለ ፓርኩ ሲወራ የሚቀድመው ግን ቁጥር ነው። ስንት ዝርያ አለ? ስንት ሔክታር ተከለለ? ስንት ቱሪስት መጣ? እንስሳቱ እርስ በርሳቸው በምን ተሳስረው እንደሚኖሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጥበቃው ቁልፍ ያለው ግን እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በሌላው የአማራ ደጋ፣ በሰሜን ሸዋ መንዝ ጓሳ የተሠራ ጥናት ነው። ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያካሄደው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ከጥናቱ አዘጋጆች አንዱ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘላለም ተፈራ ነው። ተመራማሪዎቹ ያዩት እንዲህ ነው። ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መሀል ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያስደነግጥ ይዘዋወራል። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ አይነካም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራው የሚሳካለት አንዱ (25 በመቶ) ሲሆን፣ በጭላዳ መሀል ሲያድን ግን 67 በመቶው ይሳካለታል። መንጋው ሣሩን ሲነካካ አይጦቹን ከጉድጓድ ስለሚያስወጣቸው፣ ወይም አይጦቹ በመንጋው ተዘናግተው ቀበሮውን ስለማያዩት ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ፣ ጭላዳ በሌለበት ደጋ ቀበሮው እራቱን ለማግኘት የበለጠ ይለፋል ማለት ነው።

ይህን ጉርብትና የሚያፈርሰው ውሻ ነው። ጭላዳ ቀበሮን ሲያይ ግጦሹን ይቀጥላል፤ ውሻ ሲያይ ግን ወደ ገደል ይሮጣል። ውሻ በሽታም ያመጣል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ናቸው። በባሌ አንዱ ሸለቆ ቢራቆት ከሌላው የሚመጣ ይተካዋል። የደቡብ ወሎው ግን ጥቂትና የተነጠለ ነው። በጎጃም ጮቄና በደቡብ ጎንደር ጉና ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም።

ታዲያ መፍትሔው ውሻን ማጥፋት ነው? አይደለም። ለቦረናና ለሳይንት ገበሬ ውሻ ከጅብ የሚጠብቀው ዘበኛው ነው። ያንን ቀምቶ «ቀበሮን ጠብቅልኝ» ማለት ቀልድ ይሆናል። ውሻውን በየጊዜው ማስከተብና ፓርኩ ውስጥ እንዳይለቀቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ገብሱን ጭላዳ ለሚበላበት ገበሬም ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ከፓርኩ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል።

«ሰው እየሞተ ስለ ቀበሮ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በግጭት ውስጥ በመሆኑ አባባሉ ክብደት አለው። ነገር ግን ቀበሮውን የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ የእረኛውንም ልጅ ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ለውሻ የሚሰጥ ክትባት ስለዚህ ለቀበሮው ብቻ የሚወጣ ወጪ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚጠቅመው ሰውን ነው። በግጭት ውስጥም ቢሆን ሊታለፍ የማይገባው ሥራ ይህ ነው።

የግጦሹ ጉዳይም እንዲሁ ነው። መንዞች ጓሳቸውን ለዘመናት ያቆዩት «ቄሮ» በሚባል የራሳቸው ሕግ ነበር። በአባ ቄራ መሪነት ደጋውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ድርቅ ሲብስ ወይም ሣሩ ሲደርስ ይከፍቱታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ ሌላ መልክ ሰጥቶ መልሶታል። ይህን ሕግ በጥልቀት ያጠናውም ያው ዘላለም ተፈራ ነው። ስለ ሣሩ ሕግ ያጠናው ሰው ስለ ቀበሮና ስለ ጭላዳ በተሠራው ጥናትም መገኘቱ አያስገርምም። ሣሩ ከሌለ አይጡም ጭላዳውም የለም፤ እነሱ ከሌሉ ቀበሮው የለም። ሣሩን የሚያኖረው ደግሞ የሰው ስምምነት ነው።

የመንዝን ሕግ እንዳለ ገልብጦ ቦረና ላይ መትከል አይሠራም። የቦረናና የሳይንት ሽማግሌዎች ግን ግጦሽ መዝጋትና መክፈት፣ ያጠፋን መቅጣትና ማስታረቅ ከማንም አይማሩም። የፓርኩ ዕቅድ ከቢሮ ተጽፎ ከመውረዱ በፊት እነሱ ተቀምጠው ቢመክሩበት፣ በክልሉም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ለቆጠራ ብቻ ሳይሆን ጭላዳው፣ ቀበሮው፣ ውሻውና ከብቱ በአንድ መስክ ላይ እንዴት እንደሚውሉ እንዲመዘግቡ ቢልኩ፣ ወጪው ብዙ አይደለም።

አለዚያ ደንቆሮ ጫካም ነገ እንደ ጮቄና እንደ ጉና «ቀበሮ ነበረበት» የሚባል ደጋ ይሆናል። ያኔ ቁጥሩን መያዝ ቀላል ነው፤ ዜሮ ነው።