የፍተሻ ውጤት ለሥራ አስኪያጁና ለመጋዘን ኃላፊው እንዴት ይነገር?

በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በዩኒየኖች ዘንድ ያሉትን መሣሪያዎች፣ ማለትም የእርጥበት መለኪያውን፣ ባስኩላውን፣ የበቆሎ መፈልፈያውን፣ የጀርባ መርጫውን፣ እንዲሁም የእህሉን አከመቻቸት እየዞሩ መፈተሽ ከኤክስቴንሽን ሥራ አንዱ ነው። ስለ አፈታተሹ ዘዴ ሥልጠና ይሰጣል፤ መመሪያም ይጻፋል። ፍተሻው ካበቃ በኋላ ውጤቱ ለማን፣ መቼና በምን አነጋገር ይነገር የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። በእኔ አስተያየት ድካማችን በብዛት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ይህን የምለው የሌላውን ጥፋት አይቼ ሳይሆን እኔው ራሴ አጥፍቼ ስለማውቅ ነው።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በምዕራቡ የበቆሎ አምራች አካባቢ የአንድ ዩኒየን መጋዘን ፈትሼ ነበር። የዩኒየኑ የእርጥበት መለኪያ 13.5 በመቶ ነው ያለውን በቆሎ ናሙና ወስደን በላቦራቶሪ ምድጃ አድርቀን ስንመዝነው 16.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። መለኪያው ከተገዛ ጀምሮ ከሌላ ጋር ተመሳክሮ አያውቅም። የመጋዘኑ ኃላፊ በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ገና ሥራዬን ስጀምር «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ለደረቁም ለእርጥቡም አንድ ነገር ነው የሚናገረው፤ እኔ የማምነው ጥርሴን ነው» ብለውኝ ነበር። እህሉን ነክሰው ማየታቸውን ነው። ቃላቸውን በማስታወሻዬ ያዝኩት።

ሪፖርቱን የጻፍኩት ግን ለዩኒቨርሲቲ መምህሬ የማቀርበው ይመስል ነበር። 14 ገጽ፣ 31 ነጥቦች። የመለኪያው ጉዳይ 9ኛው ገጽ ላይ በሠንጠረዥ ውስጥ «የ3 ነጥብ ልዩነት ታይቷል፤ መሣሪያው ቢስተካከል መልካም ነው» ተብሎ ተቀምጧል። ከእሱ በፊት የመጋዘኑ በር ቀለም መላጡ ተጽፏል። ወረቀቱ ተጽፎ፣ ታርሞና ተፈርሞ ለዩኒየኑ የደረሰው በመጋቢት ነው። ያን ጊዜ ግዢው ተጠናቆ 3,000 ኩንታል በቆሎ ተከምሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።

በሰኔ ዝናቡ ሲበረታ ክምሩ ከውስጥ ሞቀ፤ ሻገተ፤ ነቀዙም በዛ። ኮሚቴው ተሰብስቦ እርጥብ እህል አስገብተዋል በማለት የመጋዘኑን ኃላፊ ከሥራ አሰናበተ። መለኪያው የማይታመን መሆኑን ከማንም አስቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ንግግራቸው የነበረው ግን በእኔ ማስታወሻ እንጂ በሪፖርቴ ውስጥ አልነበረም። ወሬውን በነሐሴ ሰምቼ ደብዳቤ ብጽፍም ነገሩ አልፎ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰነፍ ሰው አልነበሩም። «የ3 ነጥብ ልዩነት» ለእሳቸው ምንም አልነገራቸውም እንጂ። የእሳቸው ጥያቄ ስንት ኩንታል፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ የሚል ነው። ይህን መመለስ ደግሞ የኔ ሥራ ነበር፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም። 16.5 በመቶ እርጥበት ባለው 100 ኩንታል በቆሎ ውስጥ ደረቁ አካል 83.5 ኩንታል ነው። እህሉ እስከ 13.5 በመቶ ሲደርቅ ደረቁ አካል አይቀነስም፤ የሚቀነሰው ውሃው ነው። 83.5ን ለ0.865 ብናካፍል 96.5 ኩንታል ይሆናል። በዚህ ስሌት ከ3,000 ኩንታል ውስጥ 104 ኩንታል ያህሉ በበቆሎ ዋጋ የተገዛ ውሃ ነበር። ይህን በዕለቱ የግዢ ዋጋ አባዝቶ በመጀመሪያው ገጽ መጀመሪያ መሥመር ላይ ማስፈር ይበቃ ነበር። ከዚያ በታች ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ እርጥብ እህል ይሻግታል፤ ከሻጋታው አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህም መርዝ እህሉ ቢበስልም አይጠፋም።

ለመጋዘን ኃላፊው ግን ይኸው 104 ኩንታል ሌላ ትርጉም አለው፤ «ጥፋተኛ ነዎት» የተባሉ ያህል ይሰማቸዋል። እሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት በእጃቸው ስለሚሠሩት ነው። የትኛው መለኪያ ነው የተሳሳተው? አዲሱ እስኪመጣ በምን ልለካ? የተጠረጠረውን ጆንያ የት ላስቀምጥ? ለእነዚህ መልስ መስጠት ይቻላል። እርጥቡ ለብቻው ተለይቶ ይሰጣ፤ ጆንያው በርብራብ ላይ ይደርደር፤ ከግድግዳው ይራቅ፤ ክምሩም በየ2 ሳምንቱ ከውስጥ ናሙና እየተወሰደ ይታይ። ለመለኪያው ምትክ የሚሆን ደግሞ የጨውና የጠርሙስ ዘዴ አለ። ክዳን ያለው ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል ይሞላል፤ በእሳት ላይ በደንብ ደርቆ የቀዘቀዘ የገበታ ጨው ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨመርበታል፤ ተከድኖ አንድ ደቂቃ ያህል ይነቀነቅና ጥቂት ይቆያል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው። አለመጣበቁ ግን እህሉ ከ15 በመቶ በታች መሆኑን እንጂ ለረጅም ጊዜ ለመቀመጥ መድረቁን አያረጋግጥም። ይህን ሳይናገሩ ዘዴውን ብቻ ማስተማር ሌላ ስሕተት ነው።

ይህ ጠርሙስ ለስብሰባም ያገለግላል። በ2013 ዓ.ም. በሌላ ማኅበር ሪፖርቴን ከማንበቤ በፊት ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሊቀ መንበሩ አንሥተው ራሳቸው ነቀነቁትና ጨው ተጣብቆ ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ «አዲሱ መለኪያ ስንት ነው?» ብለው ነው። በ14 ገጽ ያላገኘሁት ጥያቄ ነበር።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ነገር መጻፍ በሁለት ምላስ መናገር ነው ይላሉ። አልስማማም። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሰሚው የሚወስነው ነገር ላይ ነው። ለምሳሌ የጀርባ መርጫን እንውሰድ። አዲስ ሳለ በደቂቃ 0.8 ሊትር ያወጣ የነበረ ኖዝል ተበልቶ 1 ሊትር ያወጣል እንበል። ለሥራ አስኪያጁ ይህ ማለት ለ5 ሄክታር የተገዛው መድኃኒት 4 ሄክታር ላይ ያልቃል ማለት ነው። ለሚረጨው ሰው ደግሞ፦ የሚወጣውን ውሃ በሰዓትና በመስፈሪያ ለካ፤ ከአዲሱ ከ10 በመቶ በላይ ከበለጠ ኖዝሉን ለውጥ፤ ሲደፈን በሽቦ አትጎርጉረው፣ በአፍህም አትንፋው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ሪፖርት ውስጥ በየገጻቸው ሊቀመጡ ይችላሉ።

ስለ አነጋገራችንም አንድ ነገር ልጨምር። በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ «ኦዲት» ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የጎደለ ገንዘብን ነው። «መጋዘኑ ሊመረመር ነው» የተባለ ዕለት ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ቢጠፋ አይፈረድበትም። ስለዚህ ገና ሲጀመር የሚፈተሸው መሣሪያውና አሠራሩ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል። ከዚያም የተገኘውን ማንኛውንም ጉድለት ከኮሚቴው በፊት መሣሪያውን ለሚይዘው ሰው ማሳየት ያስፈልጋል። በሰው ፊት ድንገት የተጋለጠ ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት የተበላሸውን መሣሪያ ይደብቃል። አስቀድሞ ካየው ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን የሚነግረን እሱ ነው፤ የነገረንም በስሙ ይጻፍለት።

«ቢስተካከል መልካም ነው»፣ «ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚሉት አባባሎችም ከሪፖርታችን ቢወጡ እመርጣለሁ። ማን ያስተካክል? በየትኛው ወር? ባለቤት የሌለው ግሥ ሥራ አይሠራም። አዲስ መለኪያ የሚገዛው በበጀት ስለሆነ ጥያቄው በጀቱ ከመጽደቁ በፊት መድረስ አለበት፤ መለኪያውም የበቆሎ ግዢ ሳይጀመር መጋዘን መግባት አለበት። በታኅሣሥ የታየ ጉድለት በመጋቢት ሲነገር ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግሬያለሁ። አስቸኳይ የሆነው በዚያው ቀን በቃል ይነገር፤ ወረቀቱ ይከተል።

ከሁሉ የሚከብደው ባስኩላ ነው። 100 ኪሎውን 98 የሚያነብ ባስኩላ ለማኅበሩ ኪሳራ አይመስልም፤ እንዲያውም ትርፍ ይመስላል። የሚጎዳው በየኩንታሉ 2 ኪሎ የሚቀርበት አባል ገበሬ ነው፤ እሱ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለው ውጤት ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ተነግሮ መቅረት የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ማኅበራት በጠቅላላ ጉባኤ የሚመረጥ ቁጥጥር ኮሚቴ አላቸው፤ ግልባጩ ለእነሱ ይድረስ። ሥራ አስኪያጁም ይህን አስቀድመው ይወቁት። እኔ በዚህ የተነሣ ፊት ተነሥቶኝ ያውቃል፤ ሻይ ሳልጋበዝ የተመለስኩበትም ቀን አለ።

የሚቀጥለው የበቆሎ ግዢ ከመጀመሩ በፊት በየመሠረታዊ ማኅበሩ ያላችሁ የልማት ሠራተኞች ሦስት ነገር እንድታዩ እጠይቃለሁ፦ መለኪያውን በጨውና በጠርሙስ፣ ባስኩላውን ክብደቱ በታወቀ ዕቃ በአራቱም ማዕዘን፣ መርጫውን በሰዓትና በመስፈሪያ። ያገኛችሁትን በአንድ ወረቀት ጻፉት፤ በፊቱ ለኮሚቴው በኩንታልና በብር፣ በጀርባው መሣሪያውን ለሚይዘው ሰው በሥራ ቅደም ተከተል። መለኪያው የተጠረጠረ እንደሆነ ደግሞ የእህሉን ናሙና አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጋችሁ፣ መለኪያው ያነበበውን ቁጥር ጽፋችሁበት፣ ላቦራቶሪ ወዳለበት ማዕከል ይዛችሁ ሂዱ።